ረጋ በይ

በልጅነት ስሮጥ፣ «ረጋ በይ» አለኝ ሰው፣
ጥርሴ ታየ ብሎ፣ ስስቅም ያንኑ ነው፤
ፈትቼ ስወጣ፣ ዕቃዬን አስጭኜ፣
ሾፌሩ እንኳ ዞሮ፣ «ረጋ በይ፣ እህቴ»።
የረጋ ወተት ነው ቅቤ የሚወጣው፣
ይህን ያልተረተ ዘመድ የታል? ማነው?

ደሜ ብቻ ነበረ ምክር አልሰማ ያለ።
በወር ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም ዐሥራ አራት፣
ቢሮ ወንበሬ ላይ ጥቁር ሻርፕ አጥፌ፣
ከቁም ሳጥን ጥቁር ቀሚስ ብቻ መርጬ፣
የብረት ክኒኔን በብርቱካን ውጬ፣
ስድስት ዓመት እንደ ወንፊት ኖርኩ።
ማዮማ ነው አሉ፤ ትርንጎ ያክላል።
አንድ ቀን የካዛንቺስ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት
ነፍሰ ጡር መስያት ተነሥታ አስቀመጠችኝ።
አመስግኜ ተቀመጥኩ።

ዶክተር ኢፋ ቢላ አላነሣም።
ውሃ ላይ በሆዴ አስተኝቶ፣
«በድምፅ ነው የምናቃጥለው» አለኝ፣ «ጆሮ በማይሰማው»።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን ጣልኩ፤
የሰማሁት የውጪውን ጥሩምባ፣
የረዳቱን «ለገሃር! ለገሃር! አንድ ሰው!»
ወገቤ ሥር ግን የሆነ ነገር
ያለ ጭስ ነደደ።

ከዚያ ባይሳ መጣ፣ የላብራቶሪው ልጅ፣
ክዳኗ ሰማያዊ የሆነች ብልቃጥ ይዞ።
ከሕክምናው በፊት አንድ ቀድቶ ነበር፣ ማታ አንድ ደገመ።
«ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚረጋ ነው የምናየው» ሲል
ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ቁጥሩ ከጠዋቱ ፈጥኖ መጣ።
ዶክተሩ በእስክሪብቶ ከሥሩ አሰመረበት፦
«ውስጥሽ የሞተ ሥጋ አለ። ደም ይህን ሲሰማ
መርዶ እንደ ደረሰው ሰፈር ይሰበሰባል።
አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይበተናል፤ ቢሆንም
ውሃ ጠጪ፣ ተራመጂ፣ እግርሽን አታሳርፊው።
አደራሽን፣ እንዳይረጋብሽ።»

እንዳይረጋ!
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤
ይህን ቃል በዚህ በኩል ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ከለገሃር ተነሥቼ ቸርችልን ሽቅብ ያዝኩት።
ሲስተር ለተብርሃን ታግላ ያለበሰችኝ ካልሲ
ጭኔን እንደ አበዳሪ አንቆ ይዞኛል።
ፖስታ ቤቱ ጋ ሎተሪ አዟሪው
«እናት፣ ረጋ ብለሽ ምረጪ» አለኝ።
«አልችልም» አልኩት፣ «ተከልክያለሁ»፤
የመጣልኝን መዝዤ አለፍኩ።

ዳገቱ መሐል ላይ ነው ትዝ ያለኝ፤
የሞተውን ማንም አልጠየቀኝም።
ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩት
እሱን ብቻ ነበረ።

ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ዞሬ ቁልቁል አየሁ።
መኪናው ተቆላልፎ ቆሟል፣ መብራቱ ቀይ በቀይ።
ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሰማያዊዋ ክዳን ትጠብቀኛለች።
እስከዚያው ቆሜም እግሬን እያፈራረቅኩ
ውስጤ የተቀመጠውን ለቀስተኛ እለምናለሁ፦
ደርሳችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤
አሁን ተነሡ፣
ይመሻል።