ገመድ ያዡ

አባቴ ይመር አራጋው የኬላ ገመድ ያዥ ነበር፤
ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚያስወጣው በር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሲወጥር፣ ሲያወርድ፣
መዳፉ ራሱ ሆኖ ቀረ ገመድ።

እኔ ደግሞ ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ከጨርቅ መደብር በላይ፣
ጉሙ መስኮቱን ሲልሰው፣ ጦሳም በማይታይ
ጠዋት ላይ፣
ኮድ እጽፋለሁ።

ለእህል መጋዘኖች ነው። ሥራውን በየክፍሉ በትነን፣
ነጂማ ሚዛኑን፣ ሽፋው ደረሰኙን፣ እኔ መግቢያውን ይዘን።
እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ቤት፣ ለብቻው ጓዳ፣
የአንዱ ጣጣ ሌላውን እንዳይጎዳ።
ሁሉም ግን ወደ ሰርቨሩ ጥያቄ ሲልክ
ቶክኑን በገዛ እጁ ይለጥፋል፣ በየራሱ መልክ፤
ያችው አንዲት መስመር አሥራ አራት ቦታ ተገልብጣ፣
አንዱ ጋ ተጣማ፣ አንዱ ጋ ተቆርጣ።

ሐሙስ ማታ የቶክኑ ስያሜ ተቀየረ።
አሥራ አንዱን አረምን፤ ሦስቱ እንደነበረ አደረ።
በነጋታው ሽፋው ስልኩን ከጆሮው አላወረደም፤
«ደረሰኝ እንቢ አለ፣ ኧረ በአላህ፣ አይወጣም!»
ማሽላ የጫነ አይሱዙ እስከ ቦርከና ድልድይ ተሰልፎ፣
ሾፌሩ ከጎማው ሥር ተኝቷል ጋቢውን አንጥፎ።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ።
ባለ ጤፉ ጤፉን፣ ባለ ፍየሉ ፍየሉን ይዞ ይመጣል፤
የኬላውን ሕግ ማንም ከቤቱ ጽፎ አይመጣም፣
ገመዱ ያውቃል።

አንድ ኢንተርሴፕተር ጻፍኩ። መውጫው ላይ ገተርኩት።
ቶክን የሚባለውን ነገር ክፍሎቹን አስረሳኋቸው።
የሚወጣ ጥያቄ እዚያ ይቆማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ያልፋል፤
የሚመለሰውም መልስ እዚያው ይፈተሻል፤
«አራት መቶ አንድ» ተብሎ የተመለሰ፣ ቶክኑ ያረጀበት፣
ጥግ ይዞ ይቆያል አዲስ እስኪመጣለት፣
ከዚያ ዳግም ይላካል።

ሠራ። ሁለት ቀን።

በሦስተኛው ሌሊት ሰርቨሩ ተጥለቀለቀ፤
ኬላዬ ራሱን ያዘ፣ ራሱን ጠየቀ።
አዲስ ቶክን እንዲያመጣ የላከውን መልእክተኛ
«ማኅተምህ የታል?» ይለዋል። የለውም። ሌላ ይልካል፣ ሁለተኛ፣
ሦስተኛ፣ ሺኛ፤
ማኅተም ፍለጋ የወጡ፣ ማኅተም የሌላቸው፣
ከገመዱ ሥር ተፋጠው አገኘኋቸው።

እሑድ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርጄ አባቴ ቤት ገባሁ።
ያንን ገመድ ልብስ ማስጫ አድርጎታል።
የኮምፒውተሩን ነገር አላነሳሁም። ብቻ ጠየቅኩት፦
«አብዬ፣ ማኅተም እንዲያመጣ የተላከውን ሰው ታቆመው ነበር?»
ሳቀብኝ።
«ጦይቤ፣ እሱን ካቆምኩት ሌላውን በምን አሳልፋለሁ?
እሱ ሲመጣ ገመዱ ዝቅ ነው፤ ፊቱን አውቀዋለሁ።
የሚላከው ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፤
ሁሉም ካልሄድኩ ካለ፣ መንገዱን ማን ይለቃል?»

ማታውኑ ሁለት መስመር ጨመርኩ፦
ቶክን የሚያመጣው ከሆነ፣ ሳትጠይቅ አሳልፍ፤
አንዱ ከተላከ፣ የቀረው ይሰለፍ።

ሰኞ ነጂማ ገጿን ከፈተች። ምንም አላየች።
ሚዛኑ ሚዛን ነው፤ ኩንታሉን መዘነች።
አባቴም እንዲያ ነበር፤ ያለፈው ሁሉ መንገዱን እንጂ
እጁን አያይም።

ከሁለቱ መስመር በላይ አንዲት ማስታወሻ ትቻለሁ፣
ማሽኑ የሚዘላት፣ ሰው ብቻ የሚያነባት፦
ይመር አራጋው ያለው ነው። እንዳትነኩት።