ሞልቶ የደረቀ ጽዋ

ስምንት ምሰሶ፥ አራት ባራት፥
በሁለት ረድፍ፥ ፊት ለፊት።
ማገር የላቸው፥ ጣራ የላቸው፥
የሮታ ነፋስ ነው የሚያድርባቸው።
ሁለቱ ወድቀዋል። ሦስተኛውን ዋርካ
በሥሩ ይዞታል፤ ማነቅ ይሁን ማቀፍ
አይለይም ለካ።

አናታቸው ላይ ያለውን ድንጋይ
«ታሳ» እንለዋለን፥ ጽዋ ማለት ነው።
ግን አይጠጣበትም፤
ሞልቶ የደረቀ ጽዋ ነው፥ ጠብታ አያስገባም፥
ዝናብ ጠፍጣፋው ላይ ጥቂት ተኝቶ
በዳር በዳሩ ይወርዳል።
መንገዱ በዚህ ሊያልፍ ነውና
ቀያሹ በሜትር ለካው።
«ለምን እንዲህ ሠሩት?» አለኝ፤
«አይጥ እንዳይወጣ? ምድር ስትናወጥ ቤቱ እንዳይፈርስ?»
እኔ ምን አውቃለሁ፤ ወንፊት ያዥ ነኝ፥
በሰዓት የሚከፈለኝ።

አክስቴ ታን ኤንግራሲያ ማለዳ ነግራኝ ነበር፦
«ሳትጠይቂ እንዳትገቢ።
‹አያቶቼ፥ ይቅርታ፥ በደጃችሁ ልለፍ› በዪ፤
አለዚያ ፊትሽ ያብጣል።»
ሳቅሁ። ቢጫ ቆብ አድርጌያለሁ፥
ጓንትም አለኝ።

ከአራተኛው ንብርብር፥ ከጥቁሩ አፈር፥
መጀመሪያ ገል መጣ፥ ቀጥሎ የዓሣ አከርካሪ፥
ሁለት ጫፉ የሾለ የወንጭፍ ድንጋይ፥
ከዚያ መንጋጋ።
ውሃ ረጨሁበት።
ጥርሶቹ ቀይ ናቸው።

ደም አይደለም፤
ፑግዋ ነው፥ ከኖራና ከቅጠል ጋር
ዕድሜ ልክ የታኘከ ፍሬ።
ምላሴን በጥርሴ ላይ አሳለፍሁ፤
ከምሳ በኋላ ያኘክሁት
ገና አልለቀቀኝም።

ሙታቸውን ከቤት አያርቁም ነበር፤
ከመኝታቸው ሥር ነው የሚያጋድሙት፥
ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ
ከታችም እንዲሰማ።
ኋላ ጠመንጃ ያነገበ መጣ፥
ሰዉን ሰብስቦ ወደ አንድ መንደር ነዳ፤
ሕያው ሄደ፥ ሙት ቀረ፥
ጣራው ራሱን በራሱ ቀበረ።

ቅጹ ላይ ሞላሁ፦
ቁጥር፥ ጥልቀት፥ ክብደት፥ ቀለም።
ዘመድ የሚጻፍበት መስመር የለም።
በቀለሙ ቦታ «ቀይ» አልሁ፤
ከረጢቱን ሳላሥር ደግሞ
«አያቶቼ፥ ይቅርታ፥ በደጃችሁ…»
«ምን አልሽ?» አለኝ ቀያሹ።
«ምንም።»

ማታ ግራ ጉንጬ አበጠ።
ሐኪሙ የጥርስ ሥር ነው አለ።
ታን ኤንግራሲያ ምንም አላለችም፤
ቅጠል ሞቅ አድርጋ ጉንጬ ላይ ለጥፋ፥
ቀይ ጥርሷን አሳይታኝ
ወደ ጓዳ ገባች።