ቆጥ

«ሎፍት ነው» አለኝ ደላላው እንዳሻው፣
የጫማውን አቧራ በሶፍት እያሻሸው።
«ምን ማለት ነው?» አልኩት። በትዝብት አየኝና፣
«ጣራ ሥር ያለ ቤት፤ ግድግዳ የሌለው፣ ሰማይ ያለው፤ ውጣና እየው፣ ና።»

ቆጥ በለኛ! አልኩኝ፣ በሆዴ፣ በዝምታ፤
እኔ በማውቀው ቤት ቆጥ ላይ የሚወጣው ዶሮ ነው፣ ያውም ማታ።
ደግሞስ የሰፈሩ ስም! ዶሮ ማነቂያ፤
በማነቂያው ደጃፍ ቆጥ የሚከራየው ምን ያለው ሞኝ ነው፣ ምን ያለው ገበያ?

ሰፈሩስ የት አለ?
ካስፋልቱ ማዶ የነበረው ሁሉ ባንድ በጋ ዕድሜ ሜዳ ሆኖ ዋለ።
ሥጋ ቤቱ የለም፣ ጫማ ሰፊው የለም፣ የለም ያ ደረጃ፤
ቀይ ቀለም ሳይነካው ይሄ ቤት ነው የቀረ፣ ቆሞ እንደ ማስረጃ፤
ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተቆረጠ ጣራ፣
የእንጨት ሰገነቱ ትናንት ተቀብቶ፣ መዳፌ ላይ ቀረ አረንጓዴ አሻራ።

እንዳሻው ቀደመኝ፤ ደረጃው ሲጥ፣ ሲጥ፤
«ሊፍት የለውም?» ስል፣ «ቅርስ ነው ወንድሜ፤ ቅርስ አይለወጥ።
ኪራዩ በዶላር፣ ቅድሚያው የስድስት ወር፤
በብርም ይሆናል፣ በዛሬው ምንዛሪ፤ ነገማ ሌላ አገር።
ጄኔሬተር አለው፤ ውሃው ታንከር አለው፤
የሌለው ጎረቤት ነው» አለኝ። ይህንንም ከጥቅሙ ቆጠረው።

ላይ ደረስን። ዝም አልኩ።
በአርባ ሦስት ዓመቴ ብርሃን ሰደበኝ፤ የሳሳውን ክርኔን በመዳፌ ደበቅኩ።
ዐጥንቱ የታየ ማገር፣ ኖራ የጠጣ ግድግዳ፣
መኻል ቤት፣ እርቃኑን፣ የቆመ ገንዳ፤
አልጋው በመሰላል፣ እንደገና ሌላ ቆጥ በቆጥ ላይ፤
ከመስኮቱ ወዲያ ክሬን፣ ዘጠኝ ክሬን፣ ተደግፎ ሰማይ።

አማረኝ።
አልዋሽም። እንደ እርጉዝ ሴት አማረኝ፤
ጠዋት እዚህ ስነቃ፣ በባዶ እግሬ ስዞር፣ ማንም ሳይጠራኝ።

ብብቴ ሥር ያለችው ደብተር ሞቃለች፤
ከአፌ እየነጠቅኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያበላኋት እሷ፣ ዛሬም አልጠገበች።
ሁለት ክፍል ነበር፣ ጀሞ ወይ አራብሳ፣ የዕጣ ላይ ተስፋ፤
ስሜን ከጋዜጣ ስፈልገው ኖርኩኝ፣ ፊደሉ እያነሰ፣ ዓመቱ ሲገፋ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች፣
ያቺ የተረት ሴት፣ አገር የሳቀባት፣ አጠገቤ ቆማለች።
ስንት ዓመት እንደያዘች ማን ጠየቃት?
ክንዷ እንዴት እንደዛለ፣ ብብቷ እንዴት እንደላበ፣ ማን አሰበላት?
ምናልባት የቆጡ ማሰሮ ባዶ ነው፤ ምናልባት ማር ነው፤
ተረቱ ያንን አይነግርም፤ የሚቸኩለው ለሳቁ ነው።

የዘበኛው ሳል ነው ከደረጃው የመጣ፤
ጋሽ ሽኩር፣ ቁልፍ አንጠልጥሎ፣ እያለከለከ ወጣ።
«እዚያ ጋ እንዳትረግጥ፣ ጣውላው መርፌ አለበት፤
ሙሴ ሃጎፕ ሱፍ ሲሰፋ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክልበት...»
ጎንበስ አለ፣ በጥፍሩ ከስንጥቁ መዘዘ፤
ዝገት የበላት መርፌ፤ ዐይኗ ግን አልፈዘዘ።
«ያኔ ሰባት ነበርን፤ ቤቱም ይበቃን ነበር፤
ቆርቆሮው ቀን ያነድዳል፤ ክረምት ሲመጣ ግን ዝናቡ አያነጋግር።»

እንዳሻው ገላመጠው፤ ውሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ፤
«ሌላ ሰው አለብኝ በስድስት ሰዓት» አለኝ፣ እስክሪብቶ ሲያስጠጋ።

ልቀበለው ክንዴን አነሳሁ።

ደብተሯ ወደቀች። ጣውላው ላይ ድምፅዋ ከክብደቷ በለጠ።
ጋሽ ሽኩር አነሳት፤ አቧራዋን በካፖርቱ ጫፍ ጠረጋት።
«ወደቀብህ» አለኝ።
«አውቃለሁ» አልኩት።