ከቆጪ የታየ ወደብ

ሠላሳ ሁለት ወደብ በሠንጠረዥ አስሬ
ተቀምጫለሁ ቆጪ፣ ዝናብ በቆርቆሮ በሚያወራበት ሰፈሬ።
የላፕቶፑ ባትሪ አልቋል፣ መብራት ሄዷል ከማለዳ፤
የመርከብ ቁጥር በእርሳስ እደምራለሁ
በልጅ ደብተር ጀርባ፣ በኪራይ ጓዳ።

ባሕር አይቼ አላውቅም።
አማካሪዬ ይህን ይጠረጥራል፤ ጠይቆኝ ግን አያውቅም።
የማውቀው ውሃ አዌቱ ነው፣ ላስቲክና ሳሙና ጭኖ የሚወርድ፤
የማውቀው መርከብ ጉማሬ ነው፣ ቦዬ ረግረግ ላይ
አፍንጫውን ብቅ አድርጎ የሚቆም፣ የማይሄድ።

ግን አውቃለሁ፣ አንዱ ወደብ ስንት ክንድ መቆሚያ እንዳለው፣
በዓመት ስንት መርከብ እንደሚቀበል፣ ስንት ሰው
በስንት ደቂቃ ከመሰላሉ እንደሚያወርደው፤
የወረደው መንገደኛ ለሻርፕ፣ ለሥዕል፣ ለቀዝቃዛ ውሃ
ከኪሱ ስንት እንደሚያወጣ፣
ማታ ጥሩንባው ሲነፋ ስንቱ በሰዓቱ እንደመጣ።
ቀመሩ ቀላል ነው፤ ያገኘኸው ከላይ፣ ያወጣኸው ከሥር፤
አንድ ያመጣ ጎበዝ ነው፣
ከአንድ በታች ያለ እንደ ሰነፍ ተማሪ ከጥግ ይገተር።

በዝርዝሩ አሥራ ዘጠነኛ፣ ከሕንድ የመጣ ስም፦ ኮቺ።
እሱ ኮቺ፣ እኔ ቆጪ።
ብቻዬን ሳቅሁ። እዚያ መርከብ ያድራል፤
እዚህ ጭቃ ያድራል፣ ባጃጅ ያድራል፣
አንድ ነገር ያልሆነለት ሰው ቆጭቶት ያድራል።

ሐሙስ መናኸሪያ ወረድኩ፣ እዚያ አይጠፋም መብራት።
ጣሃ አባ ፊጣ፣ ተራ አስከባሪው፣ ሃያ ስድስት ዓመት
በአንድ ፉጨት አገር ያስቆመ፣ አገር የሰደደ፣
«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለኝ፣ ካርኒውን እየቀደደ።
ነገርኩት። ከነበርጩማው ተጠጋ፦
«ታዲያ እነዚህ ሰዎች የትም አይሄዱም ማለት ነው?
ወርደው፣ ዞረው፣ በልተው፣ ማታ እዚያው መርከብ ላይ አልጋ?»
«አዎ ጋሼ፣ ለመዝናናት።»
«ዘመድ የላቸውም? ለቅሶ? የሚሸጥ ማር? የፍርድ ቤት ቀጠሮ?»
«የላቸውም።»
ዝም አለ። የቦንጋው አውቶብስ ጭሱን ተፍቶ ወጣ ዞሮ።

«የኔ መናኸሪያስ ስንት ያመጣል?» አለኝ።
ቀልድ መስሎኝ ነበር። እርሳሴን እያየ ጠበቀኝ።
ቆጠርኩ። መቆሚያ፣ አሥራ አራት። ጣሪያ፣ ግማሹ የሚያፈስ።
የበደሌ፣ የአጋሮ፣ የሚዛን፣ የታርጫ፣ ሲወጣ ሲመለስ።
መጸዳጃ፣ አንድ፤ ቁልፉ ከጣሃ ኪስ።
ዜሮ ነጥብ አራት አንድ።
«ከስንት?»
«ከአንድ።»
«ግማሽ እንኳ አልሞላሁም በይኛ!»
ፉጨቱን ነፋ፤ ማን ላይ እንደሆነ አልገባኝም እኔ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። የመጸዳጃው ቁልፍ ሚስማር ላይ
በቀይ ክር ተንጠልጥሏል፣ ለመጣ ለሄደው ሲሳይ።
ጣሪያው ላይ ሁለት አዲስ ቆርቆሮ፤ ከየት እንዳመጣ አላወራም።
«አሁንስ?» አለኝ። ደመርኩ። ዜሮ ነጥብ አራት ስድስት።
«ጨምሯል» አለ፣ ለራሱ፣ ለካርኒው፣ ለማንም።

ጽሑፌን ስከላከል፣ መርማሪው መነጽሩን አውልቆ
«ለመሆኑ ወደብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ፣ ትንሽ ስቆ።
አዳራሹም አብሮት ሳቀ።
አላየሁም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ደረቀ።
«አንድ አይቻለሁ» አልኩ፣ «ከሠንጠረዡ ያልገባ፣
ባሕር የሌለው፤ በሰባት ቀን አምስት መቶኛ የተሻለ።»
«ምንጭ?» አለ።
ምንጭ ሲል አዌቱ ትዝ አለኝ፣ ከነላስቲኩ፣ ከነሳሙናው።
ከዚያ እርማቱን ጻፍኩ፣ በመጨረሻው ገጽ፣ ከኮቺ በታች፦
ጣሃ አባ ፊጣ፣ የቃል መረጃ፣
ጅማ መናኸሪያ፣ ሐሙስ፣ ዝናብ ነበር።