የኤጂዲዮ ጉልበት

ትሪየስቴ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በስተግራ በኩል፣
አንድ አግዳሚ አለ፣ ለአራት ሰው እኩል።
ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደወል ሲደወል፣
ኤጂዲዮ ከጥግ፣ ሊቪዮ ከመሐል፣
እኔና ኦንዲና ብርድ ልብስ ተካፍለን፣ ከወዲያኛው ጫፍ እንውል።

ሰላምታችን አጭር ነው፤ «አደራችሁ?» «አለን»፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ የክኒን ነው፣ የቅባት ነው፣ የትኛው ጎን እንዳመመን።
«ግፊትሽስ ወርዷል?» «ስኳርህ ስንት ነው?»
«ትናንት ሌሊት ደግሞ፣ ባቴን ጨመደደው።»
ሊቪዮ በግራ ጆሮው ስለማይሰማ፣
ስለ ጉበት ስናወራ፣ ስለ ጉቦ ሰማ፤
ከንቲባውን ሲሰድብ ዋለ።
እኛም አላረምነው፤ ደስ ብሎት ነበረ፣ ፊቱ ደም መሰለ።

ኤጂዲዮ ግን ሹም ነው፤ የአየር ሹመኛ።
አርባ ዓመት ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሠራተኛ፣
ቀኝ ጉልበቱ ነበር የሁላችን ዳኛ።
«ነገ ቦራ» ካለ፣ ያ የተራራ ነፋስ፣
ልብስ ከገመድ ይወርዳል፣ የአበባው ማሰሮም ወደ ቤት ይመለስ።
ዓሣ አጥማጁ ሳይቀር፣ ጀልባውን ሳይለቅ፣
ይመጣል ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበት ሊጠይቅ።
ሬዲዮ ይዋሻል።
በስልክ የሚታየው ፀሐይና ደመና በየሰዓቱ ይለወጣል።
ጉልበት ግን፣
ጉልበት ሲጠዘጥዝ፣ እውነቱን ያወጣል።

በመስከረም ወር ላይ ሐኪሞች መከሩለት፣
ያንን ጉልበት አውጥተው፣ ብረት አስገቡለት።
«ጉልበቴ ታደሰ» ብሎ መጣ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ በአዲስ ጫማ፤
እኛም «እሰይ» አልነው። ኦንዲና ጠየቀች፦
«ታዲያ ነገስ እንዴት ይውላል? ብራ ነው ጨለማ?»
ዳሰሰው። አዳመጠው።
እንደ ሰው ደጃፍ አንኳኳው፣ በጣቱ ቀስ ብሎ፤
«የለም» አለ፣ «ማንም የለም፤
ባለቤቱ ሄዷል፣ ቁልፉን እንኳ ጥሎ።»

ሕመሙ አለፈ። ሹመቱም አለፈ።
ደረጃ ወጣ ወረደ፤ አውቶቡስ ሮጦ ደረሰ፤
ግን አግዳሚው ላይ ዝም አለ፣ እንደተሸነፈ።
ለካ ያ የሚጠዘጥዝ፣ ያ የሚነዘንዝ ነገር፣
እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ ቤት ለቆ ሲሄድ፣
ግድግዳው ዝም ሲል ነው፣ የሚከብደው ማደር።

በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣
ማንም ሳይነግረን ቦራ ከቋጥኙ ላይ በድንገት ዱብ አለ።
የኦንዲና ባርኔጣ ጣሪያ ለጣሪያ ዞረ፤
የቆሻሻው በርሜል ቁልቁለቱን ይዞ፣ እንደ በቅሎ ሰገረ፤
የሊቪዮ ማዘዣ ከእጁ ተመዘዘ፣
መድኃኒቱ ሁሉ ለባሕር ታዘዘ።
የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ገመድ ይዛ ወጣች፤
አንዱን ጫፍ ከበሩ፣ አንዱን ከመብራቱ ምሰሶ አሰረች።
«ያዙ!» አለችን። ያዝን።
ሦስት መቶ ዓመት ከምናምን ዕድሜ፣ በአንድ ገመድ ላይ ተንጠለጠልን።

ኤጂዲዮ ከፊት፣
ያ ብረት ጉልበቱ ሳይታጠፍ፣ ሳይርድ፣ ድንጋዩ ላይ ቆመ፤
እኔ ወገቡን ያዝሁ፣ ኦንዲና የኔን፤
ሊቪዮ ከኋላ «ምን አላችሁ?» እያለ አዘገመ።
እንባችን በነፋሱ ወደ ጎን ፈሰሰ፤
ዐሥራ ሁለት እርምጃ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ፣ ሰልፋችን ደረሰ።

ከሚዛኑ አጠገብ፣ ከሳል ሽሮፑ ሥር፣ ተቀምጠን ስንስቅ፣
ኤጂዲዮ ብረቱን መታ መታ አደረገው፦
«መናገር አይችልም፤ ያውቃል ግን መጠበቅ።»

ዛሬ ዓርብ ነው።
የግራ እጄ አንጓ ከትናንት ጀምሮ ይወጋኛል በቀስታ።
ለማንም አላወራሁ፤ ለኤጂዲዮ ብቻ ነገርሁት፣
ሊቪዮ እንደሆነ አይሰማ፣ ኦንዲናም አንቀላፍታ።
እጄን በሁለት እጁ ያዘው፣
እንደ አሮጌ ሹም፣ ማኅተም እንደሚያስረክብ፤
«ምን ይላል?» አለኝ።
ጠበቅሁ።
«ከቀትር በኋላ» አልሁት፣ «ዝናብ።»

ማታ ልብሴን አወረድሁ፤ ገና አልደረቀም ነበር።