እስኪከፍት

ዳካ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከጎርፍ መውረጃው አፍ፣
ጠረጴዛዬን ዘርግቼ የሰው አቤቱታ ስጽፍ
አሥራ አንድ ክረምት አለፈ፤ ዣንጥላዬ ሁለቴ ተቀየረ፣
ላፕቶፔ ግን ያው ነው፤ ከገዛሁት ቀን ጀምሮ እንዳረጀ የኖረ።

ጠዋት ቁልፉን ስጫነው ሆዱ ውስጥ ያንኳኳል፣
እንደ ሽማግሌ ዘበኛ ጫማውን ፈልጎ ይነሣል።
ሻዩ መጥቶ፣ ሻዩ በርዶ፣ ስኳሩ ከሥር ወርዶ፣
ያ ክብ ገና ይዞራል፣ ቤት እንደጠፋው ሰው፣ አንዱን መንገድ ሦስቴ ሄዶ።

«ሃርድ ዲስኩ ነው» አለኝ ጎረቤቴ፣ ማኅተም ቀራጩ ዙልፊከር፣
«እሱን ቀይረው እንጂ፣ ላፕቶፑ ምን በደለ፣ ይኑር!»

ሁለት ሺህ አምስት መቶ ታካ በመሐረብ ቋጠርኩ፣
የዝሆን መንገድ ወደሚባለው ሰፈር በሪክሾ ተሻገርኩ።
ዝሆን የለም። ዝናብ አለ። ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ሁሉም መስታወት፣
ከመስታወቱ ጀርባ ብስኩት የምታህል ጥቁር ሳጥን፣ ኤስ ኤስ ዲ የሚሏት።

አንዱ እጄን ጎተተኝ፦ «ሁለት ቴራባይት በሁለት ሺህ! ላንተ ብቻ!»
ምስክር ሲምል የምውል ሰው ነኝ፤
መሐላ ሲፈጥን አውቃለሁ፣ የውሸት ነው መክፈቻ።

ሸርሚን ግን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መነጽሯ በክር የታሰረ፣
ዋጋ አልጠራችም። ገልብጣ ፈታችው፣
ብሎኑ በሻይ ሳህን ላይ አንድ በአንድ እየተቆጠረ።
«ይሄ ፈጣኑ፣ ቀጭኑ፣ ማስቲካ የሚመስለው፣
ያንተ ማሽን ላይ መሰኪያ የለውም፤ ገንዘብህን አትጣለው።
ይሄኛው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋ፣ ዋስትናው ሦስት ዓመት፤
ሲሞላ ይደክማል፣ አልዋሽህም፤ ሩቡን ባዶ ተውለት።
ያኛው በአራት መቶ ታካ ይረክሳል፤
ዋስትናው ግን እስከዚያች ደረጃ ናት።»

ቆምኩ። አራት መቶ ታካ፦ የሁለት ሰው ክስ፣ የአንድ ሰው ይግባኝ፣
የሳምንት ዓሣ፤ ሚስቴ ብትሰማ የምትለውን አስቤ ሳቄ አመለጠኝ።
ከፈልኩ።

አሮጌው አምስት መቶ ጊጋ ነው፣ እስከ አንገቱ የሞላ፤
«ግማሹን ጣል» አለችኝ ሸርሚን፣ ምሳዋን እየበላች፣ እጇ በምስር ወጥ ተነክሮ ሲላላ።
ጣልኩ፦ የፈረሰ አጥር ፎቶ፣ የሁለት ወንድማማች ድንበር፣
(እነሱ ታርቀው ከርመዋል፤ ጠባቸው እኔ ጋ ነበር የሚኖር)፣
መሬቱን ወንዝ የበላው፣ ወረቀት ላይ የቀረ የርስት ካርታ፣
ጽፌ ያልተከፈለኝን ሁሉ፤ እሱን ስሰርዝ ግን ጣቴ ትንሽ አመነታ።

በማግስቱ ቁልፉን ተጫንኩ። ዘጠኝ ሰከንድ። ተከፈተ።
ሻይ ያዘዝኩት ልጅ ጀርባውን ሳይሰጠኝ፣ ገጹ ፊቴ ተጎለተ።
ዙልፊከር አጨበጨበ። እኔም ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ፤
እስከ ምሳ ሰባት ማመልከቻ ጨረስኩ፤ «በዚህ አያያዝ ቤት እሠራለሁ።»

ከዚያ ኮሂኑር የምትባል ሴት መጣች፣ የሳሪዋን እርጥብ ጫፍ ጠቅልላ፣
ወንበር ሳትይዝ ነደደች፦
«ወንድሜን ክሰስልኝ! ይታሰር፣ አይፈታ፣ እስር ቤት ይብላ!»
ጣቶቼ ፊደሉ ላይ ናቸው። ገጹ ነጭ፣ ክፍት፣ ዝግጁ፣
የወጣ ቃል ሁሉ የሚገባበት፣ የማይመለስ ከእጁ።

ያኔ ነው የገባኝ።

በአሮጌው ዘመን ሰው እዚህ ወንበር ላይ ይጠብቅ ነበር፤
ሻዩን ይጠጣል፣ ዝናቡን ያያል፣ ያ ክብ ሲዞር፣ ሲዞር።
ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ደግሞም እኮ...» ይላል፣
አምስተኛው ላይ «እናታችንን ያስታመመ እሱ ነው» ብሎ ይተነፍሳል፣
ሰባተኛው ላይ ክሱ ጠቦ ግማሽ ገጽ ያክላል፤
አንዳንዱም ተነሥቶ የሻዩን ከፍሎ ይሄዳል።

ይህ ዋስትናው ላይ የለም፤ ሸርሚንም አታውቀው።

ማያውን ቀስ ብዬ ወደ እኔ አዞርኩት፣ እንዳታየው።
«አሮጌ ነው፣ እህቴ፣ ይዘገያል፤ ተቀመጪ፣ ሻይ ይምጣልሽ» አልኩና
በተከፈተው ገጽ ፊት እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ።
ዝናቡም አላባራም ገና።