ሁለት ሁለት

ከቱሉ ድምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣
የቆርቆሮ በር አለ፣ በጠረኑ የሚታወቅ።
የታክሲው ረዳት «አሳማ ቤት ወራጅ!» ብሎ ሲጣራ፣
ተሳፋሪው ይዞራል፣ ማን ናት የምትወርድ ደፍራ።
እኔ ነኝ። ሁለት ባልዲ ቡሌ ይዤ እወርዳለሁ፤
የትናንት ሰርግ ትራፊ ነው፤ ክዳኑን አጥብቄአለሁ።

የኔዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ጀርባቸው እንደ ሙጃ የቆመ፣
ጆሯቸው ዓይን የከደነ፣ ግንባራቸው የተተለመ።
የድሮው እርባታ ሲዘጋ፣ ነጮቹ በኪሎ ሲሸጡ፣
«እነዚህን ማን ይገዛል?» ተብለው ከሚዛን ሲወጡ፣
ጋሽ ድንቁ ቶሎሳ ነው በሌሊት በጋሪ ያመጣቸው።
«ነጩ ሞልቷል፤ ይኼ ግን ካለቀ አለቀ» ይለኝ ነበር፣
«ብርድ የማይገድለው፣ ሥር ምሶ የሚያድር።»

ሲሞት ደብተሩን ወረስሁ፤ ጠርዙን ሻምበል አኝኮታል።
(ሻምበል ወንዱ ነው፤ ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አልጠየቅሁም።)
የእናት ስም፣ ያባት ስም፣ የጡት ቁጥር፣ የሞተ፣ የዳነ፤
«ዋጋ» የሚል ዓምድ ግን የለውም።

ሰባት ቀርተዋል። አንድ ወንድ፣ ስድስት ሴት።
ዝምድና እንዳይሆን ብዬ እቆጥራለሁ ሌሊት፣
እንደ አጋቢ ሽማግሌ፣ ሰባት ቤት ድረስ ወደ ላይ፤
ሰባት ቤት ከየት ይምጣ፣ ጠቅላላው ሰባት ራስ አይደለም ወይ?

ሥጋውን አልበላም። ጾሜንም አልገድፍም።
ለምን እንደማረባ ግን ለንስሐ አባቴ ማስረዳት አልችልም።
መምሬ ጥላዬ ጠበል ሊረጩ መጥተው ከበር ተመለሱ፣
ጋቢያቸውን ባፍንጫቸው ላይ እየመለሱ።
«አባ፣» አልኋቸው ተከትዬ፣ «ያ የኖኅ መርከብ ሲሞላ፣
ያልነጻውም ሁለት ሁለት ገባ፤ ማን አለው ‹ቆይ፣ ኋላ›?»
መልስ የለም። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ፤
ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጠብታ ሳይኖር በመንገዱ።

ከወረዳው ደብዳቤ መጣ፤ ሠላሳ ቀን፣ ማኅተም።
«ለነዋሪው ጤና ሲባል እንስሳቱ ይነሡ» ይላል፤
አሳማ ብሎ ለመጻፍ አልደፈረም።

በሃያ ሦስተኛው ሌሊት ነው ጥቀርሻን ምጥ የያዛት፤
ገለባ በአፏ እየለቀመች ስታነጥፍ አየኋት።
መብራት ጠፋ። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣
የእያንዳንዱን አፍንጫ በነጠላዬ አብሼ፣
ቆጠርሁ። ዘጠኝ።
አሥረኛው አልተነፈሰም።

ጎሕ ሲቀድ አጥሩ ማዶ የእግር ኮቴ ቆመ፣
መቋሚያ ቆርቆሮውን ነካ፣ ትንሽ ቆየና ደገመ።
ከኪዳን መመለሳቸው ነው። አልገቡም።
«ስንት ወለደች?»
«ዘጠኝ።»
«እናትየዋስ?»
«ደህና ናት፤ ተኝታለች።»
ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የለመደው አፋቸው፣
ለአራስ የሚባለውን ሊል ሲል፣ መሐል ላይ ተያዘባቸው፦
«እንኳን…» አሉ።
«እንኳን…»

ኮቴው ራቀ። ደብተሩን ገለጥሁ።
እናት፦ ጥቀርሻ። አባት፦ ሻምበል።
«ምርመራ» የሚለው ዓምድ ላይ
ያባን ቃል፣ እንደተቆረጠ፣ ጻፍሁት።

ሰባት ቀን ይቀራል።
ጋሪ ልፈልግ።